«ሙከራ» የሚሉት ሲቀሩ

«ሁለት መቶ አሥራ አራት መልእክት ብቻ?» አለች ልጅቷ፣ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን እያየች። «አባቴ እኮ እዚህ መሥሪያ ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ነው የሠራው።»

ስክሪኑ ፊት የተቀመጠችው የመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል ባለሙያ ቁጥሩን እንደገና አየችው። አሮጌው የኢሜይል ሰርቨር ዛሬ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይዘጋል። የለቀቁና የሞቱ ሠራተኞች መልእክት፣ በየትኛውም ኮምፒውተር እንዲከፈት፣ የእያንዳንዱ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ እየወጣ ለባለቤቱ ወይም ለወራሹ ይሰጣል። ያልወጣው ከሰርቨሩ ጋር ይጠፋል። የአለቃዋ ትእዛዝ ደግሞ አጭር ናት፦ ርዕሳቸው «ሙከራ» የሆኑ መልእክቶች ቦታ ከመፍጀት በቀር ጥቅም ስለሌላቸው አይውጡ።

በልጅቷ ሟች አባት የመልእክት ሳጥን ውስጥ «ሙከራ» የሚሉት አምስት ሺህ ስድስት መቶ ነበሩ። ሁሉም ባለሙያዋና ሟቹ የተጻጻፏቸው ናቸው።

የልጅቷ አባት በሩቅ ቅርንጫፍ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። የቅርንጫፉ የኢንተርኔት መስመር እንደ አሮጌ ጥርስ ይነቃነቃል። ስለዚህ ባለሙያዋ ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ «ሙከራ» የሚል ባዶ መልእክት ትልካለች፤ እሳቸው «ደርሷል» ብለው ይመልሳሉ። ሥራው ይኸው ነበር። በሦስተኛው ወር ግን «ደርሷል። እዚህ ዶፍ እየወረደ ነው፤ እዚያስ?» አሉ። ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል። አሥራ አንድ ዓመት ተጨዋወቱ፤ ርዕሱን ለመቀየር ያሰበ ግን የለም። ጉንፋን ሲይዛት የጠየቋት፣ እናቷ የሞተች ሰሞን ያጽናኗት፣ ሁሉም «ሙከራ» በሚል ርዕስ ሥር ነው።

ሌላው ሰው ወደ ክፍሏ ብቅ የሚለው ኢሜይሉ እምቢ ሲለው ነው። ሲሠራማ ማን ያስታውሳታል? ጓደኞቿ «ፖስታ ቤት» ነው የሚሏት፤ ፖስታ ቤትን ደግሞ እንደምን አደርሽ የሚል የለም።

በእሷ በኩል የቀረ ቅጂ የለም። ሙከራውን የምትልክበት አድራሻ በየሦስት ወሩ ራሱን እንዲያጸዳ ያዘዘችው ራሷ ናት፤ ቦታ እቆጥባለሁ ብላ በገዛ እጇ። የሟች ሳጥን ከወራሽ በቀር ለማንም እንዳይገለበጥ የሚለውን ደንብ ያረቀቀችውም እሷው ናት። ካወጣችው የልጅቷ ይሆናል፤ ከተወችው የማንም አይሆንም።

መተዉ ይሻላል የሚል ሐሳብም ነበራት። ከአራት ወር በፊት መልሱ ድንገት ቆመ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ላከች፤ ዝም። ሰለቸኋቸው ብላ ተቀየመች። ከዚያ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሐዘን መግለጫውን አነበበች። ሞታቸውን አልቅሳለች፤ ቂሙ ግን አልወጣላትም። አንዲት ቃል፣ «አሞኛል» ማለት፣ ምን ይከብዳል?

«ቤት ውስጥ እንኳ ብዙ አይናገርም ነበር» አለች ልጅቷ፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «እዚህ የጻፈው ካለ ብዬ ነው አንድ ቀን መንገድ የመጣሁት። መቼም የሥራ ደብዳቤ ቢሆንም ቃሉ ነው።»

«ብዙ ታመሙ?»

«ስድስት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኛ። እጁ አይታዘዝለትም፣ አፉም ተሳስሮ ነበር። ግን ይገርምዎታል፣ እየተንተባተበም ቢሆን ጠዋት ጠዋት "ደርሷል በሉልኝ" ይላል። "ምኑ ነው የደረሰው አባዬ?" ስንለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አክስቴማ ዕቃ የጫነ መኪና እየጠበቀ ነው አለች፤ የመጋዘን ሰው አይደል። እኛም እሺ፣ ደርሷል እንልለታለን እያልን እናባብለው ነበር።»

ባለሙያዋ ፊቷን ከስክሪኑ ወደ ልጅቷ መለሰች። ስድስት ሳምንት የተቀየመቻቸው ሰው፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ መልስ ሲሰጧት ነበር።

«ሙከራ የሚሉት ይቅሩ» የሚለውን ትእዛዝ ሰረዘችና እንደ አዲስ አስጀመረችው። ሁለት መቶ አሥራ አራት የነበረው ቁጥር አምስት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ አራት ሆነ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ለኔ ነበር» አለች ባለሙያዋ። «ደርሷል በሉልኝ የሚሉት፣ ለኔ ነበር እህቴ።»

ሁሉንም ነገረቻት። ፋይሉ ወጥቶ ልጅቷ ባመጣችው ፍላሽ ላይ ተገልብጦ ሲያልቅ፣ ባለሙያዋ መከፈቱን ለማረጋገጥ አንዱን መልእክት እንዲያው ነካችው። «ደርሷል። ትንሿ ልጄ ሥራ ያዘች። ደስታዬን እንዴት አድርጌ እንደምነግራት አላወቅሁበትም፤ እስቲ ላንቺ ልንገርሽ» ይላል። ልጅቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ባለሙያዋ ፍላሹን ነቅላ ሰጠቻት። ከዚህ በኋላ የእሷ የሆነ ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ የለም።

«ተገናኝታችሁ ታውቃላችሁ?» አለች ልጅቷ፣ ፍላሹን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች።

«አንድም ቀን።»

«መልኩንም አያውቁትም?»

ባለሙያዋ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ልጅቷ ስልኳን አወጣች፤ ጥቂት ፈልጋ አንዱን ፎቶ አሰፋችና ዘረጋችላት። ባለሙያዋ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

የመጋዘን በር ላይ የቆሙ ሰውዬ ናቸው። የመነጽራቸው አንድ ጆሮ በፕላስተር ተጠግኗል፤ የሸሚዛቸው እጅጌ እስከ ጣታቸው ወርዷል። አጠገባቸው የተደረደሩት ካርቶኖች በቁመት በልጠዋቸዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ረጅም ሰው ይመስሏት ነበር።