የተፈታው ካምቢዮ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

የሟቹ ባለቤቴ መኪና አርጅታለች። አውቶማቲክ ናት፤ ማርሿ አልገባም ይላል፣ ሲገባም ታንገጫግጫለች። በእኔ በኩል ያለው በር ደግሞ እጀታው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ከውጭ አይከፈትም። እሱ በነበረ ጊዜ መሪው ላይ እንዳለ ጎንበስ ብሎ ከውስጥ ይከፍትልኝ ነበር።

የበኩር ልጄ ግን ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። አንድ ጠዋት ማርሹ አልገባም ሲለው መሪውን በቡጢ እየደበደበ፣ «ፈታትቼ ነው የምሸጣት!» አለ።

«የአባትህን መኪና? እኔ ቆሜ እያለሁ?» አልኩት ደሜ ፈልቶ።

«እማዬ፣ አባዬ እንደሆነ ላይመለስ ሄዷል!»

ይህን አለኝ። እኔን! በነጋታው በገመድ አስጎትቶ ጋራዥ አስገባትና የማርሿን ሳጥን፣ ካምቢዮዋን፣ አስፈታው። እኔም በንዴት እህል ሳልቀምስ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ የሞተሯን ድምፅ ከደጅ ሰማሁ። እኔና ልጄ የግቢውን በር ብንከፍት እሷው ናት፤ ሞተሯ ይሠራል፣ ውስጧ ግን ሰው የለም። ልጄ በስልክ መካኒኩ ላይ ጮኸ፤ «ማን ንዳት አለህ?»

መካኒኩ ባሰበት፤ እኔ ድረስ ይሰማል። «በምኗ ልንዳት፣ አንተ ሰውዬ? ካምቢዮዋ እኮ እዚህ እግሬ ሥር ተጋድሟል!»

ልጄ ተንበርክኮ ከሥሯ አየ። የካምቢዮው ቦታ ባዶ ነው። ገና ቀና ሳይል፣ በእኔ በኩል ያለው በር ቀጭ አለና ተከፈተ።

ልጆቼ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን ብቻ አስታውሱልኝ፤ ያ በር ከውጭ አይከፈትም።