አምቡሊ ላይ የጮኸው መሣሪያ

«እጅሽን ከሻንጣው ላይ አንሺ!»

መኮንኑ በፈረንሳይኛ ነው የጮኸው… ውዴ የተባለችው ልጅ አልገባትም፣ ሶማሊኛዋም የተሰባበረ ነው። ሻንጣውን ጭራሽ አቀፈችው።

«ፕሮፌሰር! ንገራት እንጂ!» አለኝ።

ፕሮፌሰር የሚለኝ ሊያሾፍብኝ ነው። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሬ ጅቡቲ አምቡሊ አየር ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነኝ… የሚፈልጉኝ አማርኛ የሚተረጉም ሲያጡ ነው።

ዘመኑ 2007 ዓ.ም.።

ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ትልቅ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ማዳም ሩቅያ ከቤት ሠራተኛቸው ከውዴ ጋር ከሙምባይ ተመልሰው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በበሩ ሲያልፉ… ጨረር የሚለየው መሣሪያ ጮኸ።

ሁለቱንም አንድ ክፍል አስገቧቸው።

ለማዳም ወንበር መጣ። ውሃ መጣ። «ኤዶ፣ ይቅርታ አድርጊልን» ተባሉ… አክስቴ እንደማለት ነው።

ውዴን እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ አስቀመጧት። ሻንጣውን የያዘችው እሷ ናታ!

የእጅ መሣሪያውን ወደ እሷ ሲያስጠጉት ጮኸ። ወደ ማዳም ያስጠጋው የለም። ማን ደፍሮ?

መኮንኑ ስክሪኑን አነበበና ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንድ አይደለም… ሁለት ዓይነት ጨረር ነው! ታማሚ ሰው አንድ ብቻ ነው የሚያሳየው ብለውናል። ሁለት የሚቀላቅል ሰው ቦምብ እንጂ ምን ሊሠራ ነው?»

አጠገቡ የነበረው ወታደር ወደ በሩ አፈገፈገ።

አንገቴን አስግጌ አነበብኩ። አዮዲን… ቴክኒሺየም።



ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። አንገት ውስጥ የስንዴ ፍሬ የምታህል እጢ ስትታመም በአንድ መድኃኒት አትለይም። ስለዚህ ጨረር ያላቸው ሁለት መድኃኒቶች ይወጋሉ። አንዱ ከጎኗ ያለውን ትልቁን ጤነኛ እጢ ብቻ ያሳያል። ሌላው ጤነኛውንም የታመመውንም ያሳያል። ከሁለተኛው ምስል የመጀመሪያውን ስትቀንሱ… የምትቀረው ነጥብ በሽታዋ ናት።

አዲስ አበባ እያለሁ በዚህ ሙያ ነበር የምሠራው።

ታዲያ ለምን አልተናገርኩም?

ፈራሁ።

«ሻንጣ ጫኝ ይሄን ከየት አወቀ?» ቢሉኝስ? እሠራበት ከነበረው ሆስፒታል የጨረር መድኃኒት ጠርሙስ ጠፍቶ በስሜ የተከፈተ ፋይል አለ… አንድ ስልክ ቢደውሉ ከውዴ ጎን ወለሉ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ጎንበስ አልኩ።

«እህቴ፣ መርፌ ተወግተሻል እንዴ?»

«እኔ ምን አሞኝ?» አለች። ዓይኗ ግን ወደ ወንበሩ ሄዶ ተመለሰ።

«እሳቸው ናቸው አይደል?»

«ዝም በል ወንድሜ! በማርያም አስምለውኛል!»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። የሴት ልጃቸው ሰርግ አሥር ቀን ቀርቶታል። ቤተሰቡ የሚያውቀው የሰርግ ጨርቅ ሊገዙ እንደሄዱ ነው። መታመማቸው ከተሰማ ሰርጉ ይቀራል።

«ሁለቴ ሲወጓቸው እጃቸውን ይዤ ነበር…»

«እስር ቤት ሊከቱሽ ነው እኮ!»

«ታይፎይድ ሲጥለኝ ሌላ ማዳም ብትሆን ከበር አውጥታ ነበር የምትጥለኝ። እሳቸው በእጃቸው አጥበውኛል። እንዴት አድርጌ ልናገር?»

«ምን አለች ፕሮፌሰር?» አለ መኮንኑ።

«ፈርታለች…» አልኩ።

«ትፈራለች! መኪናው እየመጣ ነው።» ካቴናውን ከወገቡ ፈታ።

ያኔ ውስጤ የቆየው ሁሉ ገነፈለ።

«ስሚኝ ውዴ! እኔም እንዳንቺ ዝም ብዬ ነበር። ከሆስፒታላችን የጠፋውን የጨረር ጠርሙስ የጣለው ጓደኛዬ ጫላቸው ነው። ሚስቱ ልትወልድ ስለነበር ስሙን አልጠራሁም… ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩት። መርማሪ ኮሚቴው ፊት ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያይ ዋለ! ዛሬ እሱ የክፍሉ ኃላፊ ነው፣ እኔ የሰው ሻንጣ እሸከማለሁ። ቁጭ ብሎ ለሚያይሽ ሰው ብለሽ አትታሰሪ!»

ካቴናው እጇ ላይ ቀጭ አለ።

ወዲያው… ከኋላዬ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

ማዳም ሩቅያ ተነሱ።

ወገባቸውን በአንድ እጅ ይዘው፣ በሌላው ወንበሩን እየጎተቱ፣ እስከ ክፍሉ ጥግ ሄዱ።

«አሁን ልጅቷ ላይ አድርጉት» አሉ በሶማሊኛ።

መሣሪያው ዝም።

«አሁን እኔ ላይ።»

ጮኸ።

አንዷ ከሌላዋ ስትቀነስ… የቀሩት እሳቸው ነበሩ።

ከደረታቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የሙምባይ ሐኪም ደብዳቤ ነው። የሁለቱም መድኃኒቶች ስም ሰፍሮበታል።

መኮንኑ ካቴናውን ሲፈታ ዓይኑን አላነሳም። ውዴ ሮጣ የማዳምን እጅ ያዘች።

እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ… በጠራ አማርኛ!

«ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፣ ልጄ። ያልከውን ሁሉ ሰምቼዋለሁ።»

ውዴ አፏን ያዘች። ሰባት ዓመት አብራቸው ስትኖር አንዲት የአማርኛ ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም።

«ያ ጓደኛህ ፈርቶ ይሆናል» አሉኝ። «እኔም ፈርቼ ነበር።»

ሻንጣቸውን አንስቼ ተሸከምኩላቸው።

ልጆቻቸው በዚያው ቀን ሰሙ። ሰርጉ ግን አልቀረም… ውዴ ከዘመድ ጎን ወንበር ተሰጥቷት ተቀመጠች። እኔም ተጠርቼ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወዳጆቼ… ጥፋት የማን እንደሆነ ስትፈልጉ ሻንጣ የያዘውን ብቻ አትፈትሹ። ወንበር የተሰጠውንም ፈትሹ።

መፍራት ነውር አይደለም። ሌላው በእናንተ ፋንታ ወለል ላይ ተቀምጦ እያያችሁ አለመነሳት ግን… እሱ ነው ነውሩ።

እስቲ ንገሩኝ፦ ለእናንተ ብሎ ከወንበሩ የተነሳ ሰው አለ?

ወይስ… እስካሁን ቁጭ ያላችሁት እናንተ ናችሁ?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የሁላችሁንም አነባለሁ… የአንዱን፣ የጫላቸውን ግን አሥራ ሁለት ዓመት እየጠበቅኩ ነው።