ቤት የማይመታ ለቅሶ

የይልቃል እናት ውድነሽ በልጇ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣለች። ምሰሶው ላይ መንግሥት የሰቀለው «ጆሮ» አለ። ወሬም ለቅሶም ሰምቶ ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ግጥም ከሰማ ግን ቀይ ይበራል፣ ወዲያው መኪና ይመጣል።

«ለአገሩ ሁሉ አልቅሰሽ ለልጄ ዝም ትያለሽ?» አለቻት አልቃሿን ጠጅቱን።

«ቤት ሳይመታ እንዴት ይለቀሳል፣ እህቴ? እስቲ ልሞክር።» ጠጅቱ ተነሳች። «ይልቃልን ከቤቱ ወሰዱት። እስር ቤት ውስጥ ገደሉት።»

ጆሮው አልበራም። ለቀስተኛው አንገቱን ነቀነቀና ወደ ንፍሮው ተመለሰ።

«አየሽ? እውነቱንማ ፈቅደውልናል» አለች ውድነሽ። «ቤት ካልመታ ግን ነገ በቃሉ ይዞት የሚሄድ ሰው የለውም።»

ከዚያ ራሷ ተነስታ ደረቷን እየደቃች ጮኸች፦

«በእግሩ ወስዳችሁት በቃሬዛ መጣ፤
ልጄን ያስገባ በር ነፍሱን የት አወጣ?»

ጆሮው ቀላ። ጠጅቱ ተቀበለቻት፤ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ ንፍሮ የምታድለው ልጅ ሳትቀር።

መኪናው ሲደርስ ውድነሽ ጫማዋን አጥልቃ ደጅ ቆማ ነበር።

«ማን ነው የገጠመው?» አለ ወታደሩ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ከኋላዋ ድንኳኑ ገና እየተቀበላት ነበር።