መቶ ሰማንያ ሁለት ቀን

ኤሚል ሁዳክ በፍሎሪዳ የሚፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ ኩሬው ውስጥ ያለው አዞና ከኩሬው ማዶ ያለው ጎረቤቱ። አዞው ቢያንስ ማስታወሻ ደብተር አይዝም።

ጎረቤቱ ጋርላንድ ሞየር ይባላል። ኤሚልና ሚስቱ ሮዛሊ በኦክቶበር አጋማሽ ከፔንሲልቫኒያ ሲመለሱ ማዶ ያለችውን ቢጫ ቤት ገዝቶ ገብቶ አገኙት። በየጠዋቱ ኩሬውን ይዞራል፣ ይቆማል፣ አንገቱን አስግጎ ያያል፣ ይጽፋል። አንድ ቀን የኤሚል መኪና ማቆሚያ ፊት ለሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ ጻፈ።

ሮዛሊ በመጡ በሦስተኛው ቀን የአፕል ፓይ የሚሉትን ኬክ ጋግራ እንኳን ደህና መጡ ልትለው ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«የገቢዎች ሰው ነው» አለች። «የፔንሲልቫኒያ። ሠላሳ ዓመት እዚያው ነው የሠራው።»

«ጡረታ ወጥቶ?»

«እሱ እንደዚያ ይላል። አደራህን ኤሚል፣ ወሬ እንዳትጀምረው። ስለ ጡረታማ ጭራሽ አታንሳ።»

ኤሚል አላነሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሻሻ ለመጣል እንኳ የሚወጣው ሰውየው ማዶ መሆኑን አረጋግጦ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ኤሚል የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት በብየዳ ሠርቷል። ሮዛሊ ወደ ሞቃት አገር እንሂድ እያለች ሃያ ዓመት ለምናዋለች፤ እሱ ግን ከተወለደበት ከተማ በሬሳ ሳጥን ካልሆነ አልወጣም ይል ነበር። ጡረታ ሊወጣ ወራት ሲቀሩት ግን ሮዛሊ አንድ ነገር ነገረችው። የቤቱን የግብር ቅጽ ከተጋቡ ጀምሮ የምትሞላው እሷ ናት፤ ኤሚል የሚያውቀው በጣቷ የምታሳየውን የፊርማ መስመር ብቻ ነው። የፔንሲልቫኒያ ግዛት በየወሩ ከጡረታህ ላይ ግብር ይቆርጣል አለችው። ማምለጫው አንድ ነው፦ የገቢ ግብር የማትጠይቀዋ የፍሎሪዳ ነዋሪ መሆን፣ በፔንሲልቫኒያም በዓመት ከመቶ ሰማንያ ሁለት ቀን በላይ አለማደር።

ለፀሐይ ሲባል ሃያ ዓመት እምቢ ያለው ሰው ለግብር ሲባል በሳምንት ውስጥ ዕቃውን ጫነ። የድሮው ቤት እዚያ ለሚሞቅባቸው ወራት ቀረ።

ቆጣሪዋ ሮዛሊ ናት። ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈ ቀን መቁጠሪያ አላት፤ ፔንሲልቫኒያ ያሳለፉትን እያንዳንዱን ቀን በቀይ እርሳስ ትሰርዛለች። ኤሚል እርሳሱን እንዲነካ አይፈቀድለትም፤ አንዴ ነክቶ ቆጠራው ተዛብቷል ተብሏል። ቀኖቹ ሁልጊዜ የሚያልቁት፣ በኖቬምበር መጨረሻ ቤተሰብ በአንድ ገበታ ከሚሰበሰብበት ከምስጋና ቀን በፊት ነው። አምና የልጅ ልጃቸው ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ለገና በዓል ልትዘምር ስትል ግን ሮዛሊ እንደገና ቆጥራ ሦስት የተረሱ ትርፍ ቀኖች አገኘች።

የምስጋና ቀን የሚከበረው በኤሚል ታላቅ እህት በቬሮኒካ ቤት ነው። በዚያ ገበታ ላይ ሮዛሊ በየዓመቱ በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ ይዛ ትቀርብ ነበር። ቬሮኒካም በየዓመቱ አንድ ጉርሻ ትቀምስና ሹካዋን አስቀምጣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይሄን ደግሞ ማን ነው ያስተማረሽ?» ትላት ነበር።

ዘንድሮ የምስጋና ቀን የቬሮኒካ ሰማንያኛ ልደትም ሆነ። እሷው ራሷ ደወለች።

«አንተ ልጅ፣ ዘንድሮም በግብር ልታመካኝ ነው? ሰማንያ አንደኛውን እኮ ቃል አልገባልህም።»

ኤሚል ስልኩን ዘግቶ ማቀዝቀዣው ፊት ቆመ። መቶ ሰማንያ ሁለት ቀይ ጭረት። ሁለቴ ቆጠረ፤ አንድም አልተረፈም።

ከዚያ ዘዴ መጣለት። የቬሮኒካ ቤት ከጎረቤት ግዛት ከኦሃዮ ወሰን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። እሱ በአውሮፕላን ኦሃዮ ይወርዳል፣ ቬሮኒካ የበዓሉን የቱርክ ዶሮ በመኪና አስጭና ወሰኑን ትሻገራለች፣ እዚያ ማዶ አንድ አዳራሽ ተከራይተው ይበላሉ። እግሩ ፔንሲልቫኒያን አይነካም።

ሮዛሊ ሳህን እያጠበች ሰማችው። እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«አውሮፕላኑ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አለችው።

«በሰማይ ነዋ።»

«በማን ሰማይ? ሰማዩም ይቆጠራል፣ ኤሚል።»

ኤሚል የአየር መስመር ካርታ ሲፈልግ ዋለ። አላገኘም።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው በመስኮት ቢያይ ጋርላንድ ሞየር እንደገና መኪና ማቆሚያው ፊት ቆሞ ይጽፋል። ኤሚል ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወጣ። ከኋላው ሮዛሊ ስትጠራው ሰምቷል፤ አልዞረም።

«ይጻፉት» አለ። «ስሜ ሁዳክ ነው፤ በ‹ሁ› ይጀምራል። መቶ ሰማንያ ሁለት ቀን ቆይቻለሁ። ነገ ደግሞ እሄዳለሁ፤ እህቴ ሰማንያ ዓመቷ ነው። ጡረታዬን ከፈለጋችሁ ብሉት።»

ጋርላንድ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ መኪና ማቆሚያው ጣሪያ አመለከተ። ቆርቆሮው ሥር አንዲት ግራጫ ወፍ ጎጆዋ ላይ ተቀምጣለች። ደብተሩን ዘረጋለት። የወፍ ስም፣ ሰዓት፣ የወፍ ስም፣ ሰዓት። ሁዳክ የሚል የለም።

ኤሚል ሁሉንም ከሥሩ ነገረው፤ ቀይ እርሳሱን፣ ዘጠኙን ዓመት፣ ሰማዩን ሳይቀር። ሲጨርስ ጋርላንድ ኪራይ የሚያስገባ ቤት፣ ሱቅ፣ ሌላ ሥራ እንዳለው ጠየቀው። ኤሚል ከፋብሪካው ጡረታ በቀር ምንም የለኝም አለ።

የወጥ ቤቱ መጋረጃ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«ይገርማል» አለ ጋርላንድ ደብተሩን እያጠፈ። «ባለቤትዎ ፓይ ይዘው የመጡ ዕለት ያወራነው ይህንኑ ነበር። ፔንሲልቫኒያ ከጡረታ ላይ ግብር ወስዳ አታውቅም፣ ታድለናል ብላቸው፣ ‹አውቃለሁ› አሉኝ።»