የጎኔ ወንበር

«ጥቁር ለብሰሽ ጨዋታ?» አለኝ ዘመነ። በቅርቡ ከሞጣ መጥቶ ቢቸና ላይ ጌም ቤት የከፈተ ልጅ ነው።

«የአያቴ አርባ ነው። እማዬ ለእንግዳ ጠላ ቅጂ ስትለኝ ሾልኬ መጣሁ።»

«ኧረ አያትሽ ይታዘቡሻል!»

«አያቴ ጨዋታ ይወዱ ነበር፤ አይቀየሙኝም» ብዬ ሳቅሁ። እማዬ ብቻዋን ስትባክን ታየችኝና ግን ከነከነኝ።

ስልክ የሚገባበትን የጌም መነጽር ዓይኔ ላይ አሰርሁ። ያው የዘወትሩ የጌሙ ባቡር ገደል ለገደል ይዞኝ በረረ። ሁልጊዜ ባዶ በሚሆነው የጎኔ ወንበር ላይ ግን ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ጠላውን ማን ይቅዳ?» አሉኝ በአያቴ ድምፅ።

መነጽሩን መንጭቄ አወለቅሁ። ዘመነ ብድግ ብሎ ከጎኔ ወዳለው ባዶ ወንበር እጅ እየነሳ ነበር።

«አባባ፣ መቼ ገቡ?» አለ።