መሪው ላይ የታሰረው ቀይ ጨርቅ

ቲርት ራም ገደል ከገባው መኪና የወጣውን የፍሬን የአየር ቤት ከጠረጴዛዬ ላይ አንስተው ያገላብጡታል። ትልቅ ጣሳ የሚያክል ብረት ነው፤ ጎኑ ተጨርምቷል። ከአገራቸው ከካንግራ እስከ ጦር ካምፓችን ድረስ የመጡት ለዚሁ ነው።

«ልጅህ የእጅ ፍሬን ሳይዝ ወረደ አሉኝ። መኪናው ሲንሸራተት ሊያቆመው ዘሎ ገባ፣ አብሮት ገደል ገባ አሉኝ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ኦንካር ፍሬን አይረሳም! እስቲ አንተ መካኒኩ ንገረኝ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?»

ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። መዋሸት አቃተኝ።

«ውስጡ ጉልበተኛ ሞላ አለ፣ አባቴ። አየር ሲገባ ሞላውን ይጨምቀዋል፣ ጎማው ይለቀቃል። የእጅ ፍሬኑን ሲስቡት አየሩ ይወጣል፣ ሞላው ተዘርግቶ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል።»

«ይሄ ከኋላው የወጣው ረጅም ብሎንስ?»

«የአየር ቱቦው ሲቀደድ ሞላው በራሱ ይይዝና መኪናው ንቅንቅ አይልም። ያን ጊዜ ሞላውን በብሎኑ አስረን እናስኬደዋለን። የእጅ ፍሬን ግን አይኖረውም። የልጅዎ መኪና ቱቦው ተቀዶ ነበር፤ ሞላውን ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«ለልጄ ነገርከው?»

«ሾፌር የተቀየረው ጠዋት ነው፤ አላገኘሁትም። መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩ። የእኛ ሾፌሮች ቀይ ጨርቅ ካዩ ሲያቆሙ ጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋሉ። ኦንካር እዚህ ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ...»

«ደውሎልን ነበር እኮ!» ብለው ብረቱን አስቀመጡት። «‹እማዬ፣ አንድ ደግ ሰው የእናቲቱን ጨርቅ መሪዬ ላይ አስሮልኛል፤ ግንባሬን አስነክቼ ልነሳ ነው› አላት። እሷ ናት በየዓመቱ ከእናቲቱ አምላክ ቤተ መቅደስ ቀይ ጨርቅ አምጥታ ለበረከት አውቶቡሴ ላይ የምታስረው። ልጁ በዚያ ነው ያደገው።»

ሁለታችንም ወደ ውጪ አየን። ባለቤታቸው ግቢው በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ጥፋቴን የጻፍኩበትን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። «ዛሬ ለአዛዡ አስረክባለሁ። ልጅዎ ፍሬኑን ስቧል፤ ስሙ ይነጻል።»

«ጨርቁንም ጽፈኸዋል?»

«ጽፌዋለሁ።»

«ጨርቁን እናቱ ከሰማችማ...» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ወደ ራሳቸው ኪስ ከተቱት። ወንጀሌ እንደተሸፈነልኝ ሲገባኝ አፈርኩ።

ተከትያቸው ወጣሁ። እናትየው ቀና ብለው «ምን አለ?» አሉ።

«ሰዎቹ እውነታቸውን ነው» አሉ ቲርት ራም። «ፍሬኑን ረስቶ ነው።»

«በእርስዎ ወጥቶ ነዋ! እርስዎም እኮ ነገር ይረሳሉ» አሉ፣ እንባቸውን በሻርፓቸው እየጠረጉ።

«አዎ» አሉ ቲርት ራም፣ ክንዳቸውን ደግፈው እያነሷቸው። «በእኔ ወጥቶ ነው።»