የወንድሜ የሕይወት ታሪክ

ታላቅ ወንድሜ ሻለቃ ፈንታው ኒሻን ሲሸለም፣ እኔ ማጂ ላይ እናታችንን አስታምሜ ቀበርኩ። ጡረታ ወጥቶ ሲታመም፣ ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪኩን እኔኑ አጻፈኝ።

«ያንተን ስም ዝለለው፤ ምን ሠራህና?» አለ።

«እሺ ጋሼ» አልኩት። መከራከር ታክቶኝ ነበር።

በ1998 ጥር ሞተ። አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ታናሽ ወንድሙ ይትባረክ እናታቸውን ጦረ።» ከዚያ በላይ አልፈለግኩም።

ሚዛን ተፈሪ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ መምህር ባስልኤል ቆሞ አነበበ። ትውልዱን፣ ዘመቻውን፣ ኒሻኑን ጨርሶ «ታናሽ ወንድሙ» ሲል፣ ያ ሳል የማይለየው የጋሼ ድምፅ አቋረጠው።

«ዝለለው አላልኩህም?»

መምህሩ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ሬሳ ሳጥኑ ዞረ።